ውኃ ስወቅጥ

በእኛ ሰፈር ውኃ በእግሩ ይመጣል፤ በአህያ እግር። ጅግጅጋ ቧንቧ የላትም ማለቴ አይደለም። የእኛ ሰፈር ቧንቧ ግን እንደ ውጭ አገር ዘመድ ነው፤ ሲመጣ እልል ይባላል፣ ሲሄድ መቼ እንደሚመለስ አይናገርም። የአህያው ጋሪ ነው ማለዳ ማለዳ በርሜሉን እያንቦጫቦጨ በበራችን የሚያልፈው። ጀረርም ቢሆን አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ወንዝ የምንለው በትዝታ ነው።

እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው በዋና ውድድር ላይ ተዋረደ ቢሏችሁ አትመኑ። እኔም በራሴ ባይደርስ አላምንም ነበር።

ውኃ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባሁት በልጅነቴ፣ ወደ ሐርሺን በኩል፣ ቢርካ ውስጥ ነው። ቢርካ ለማታውቁ፦ መሬት ተቆፍሮ ውስጡ በሲሚንቶ የሚለሰን ትልቅ ጉድጓድ ነው። ወንዝ በሌለበት በዚያ ሜዳ የዝናብ ጎርፍ በቦይ ተመርቶ ይጠራቀምበታል፤ በጋውን ሰውም ከብቱም ከዚያ ይጠጣል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ቀስ እያለ የሚጠልቅ ዳር የለውም። ስለዚህ ቢርካ ውስጥ ዋና አይለመድም፤ ወይ ትችላለህ ወይ የለህም። እኔ አዳልጦኝ ገባሁ። ስፈራገጥ የደረሱት ባለቤት «ዋርያ! ከምንጠጣው ውስጥ ውጣ!» ብለው ጮኹብኝ፤ መስጠሜ ሳይሆን መታጠቤ ነበር ያናደዳቸው። በጀሪካን ገመድ ጎትተው አወጡኝ፤ በዚያው ገመድም ገረፉኝ። ውኃው ውስጥ የቆየሁት ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው። ያችን ግማሽ ደቂቃ ግን «ዋና እችላለሁ» እያልኩ ለሃያ ዓመት ስመነዝራት ኖርኩ።

ነሐሴ 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ምሽት፣ ሻይ ቤት ተቀምጠን የሪዮ ኦሊምፒክን እናያለን። የእኛው ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ሊወዳደር ብቅ አለ። በመክፈቻው ዕለት ባንዲራችንን ይዞ የገባው እሱ ነው። ሸሚዝ የሌለበትን ሰውነቱን ስናይ ግን ሻይ ቤቱ ባንዴ ጸጥ አለ፤ ቦርጩ የእኛን ይመስላል። አትሌት ማለት እንደ ኃይሌ አጥንትና ሳንባ ብቻ ነው ብለን ስላደግን ግራ ገባን። ገባ፤ ቀዘፈ፤ ሌሎቹ ጨርሰው መነጽራቸውን ሲያወልቁ እሱ ገና ይመጣል። 1 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ95። ከ59 ዋናተኞች 59ኛ። በማግስቱ ወርቁን የወሰደው አውስትራሊያዊ ካይል ቻልመርስ ያንኑ ርቀት በ47 ሰከንድ ከ58 ነው የጨረሰው።

ሳቅን። የውጭ ጋዜጦች «ዓሣ ነባሪው» ብለው እስኪሳለቁበት እንኳ አልጠበቅንም። አባቱ የዋና ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት መሆናቸው ሲሰማ ሳቁ ወደ ሐሜት ተሻገረ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ዋና እችላለኋ! አጠገቤ የተቀመጠ የሒሳብ መምህር ብቻ ነው «ተው እንጂ» ያለኝ። በሲድኒ ኦሊምፒክ የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ ያንኑ 100 ሜትር በ1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ከ72 እንደዋኘ ያነሳው እሱ ነው። ያውም ብቻውን! አብረውት የተሰለፉት ሁለቱ ፊሽካ ሳይነፋ ዘለው ገብተው ተባረሩና፣ ኤሪክ ከሰዓትና ከመስጠም ጋር ብቻ ተወዳደረ። ዋና ከጀመረ ዓመት አልሞላውም ነበር። በኋላ ግን የአገሩ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆነ።

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሽማግሌ ሻሃቸውን ይዘው ዓይናቸውን ከገንዳው አልነቀሉም። ዋናተኞቹን አላዩም፤ ውኃውን ነው የሚያዩት።

«ይሄ ስንት ጀሪካን ይሆናል?» አሉ።

መምህሩ እስክሪብቶ አወጣ። 50 ሜትር በ25፣ ጥልቀቱ ቢያንስ 2 ሜትር፤ 2 ሚሊዮን ተኩል ሊትር። በሃያ ሊትሩ ጀሪካን 125 ሺህ። በጋሪው ባለ 200 ሊትር በርሜል 12 ሺህ 500 ምልልስ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሲጨርሱ ማን ይጠጣዋል?»

ከሦስት ቀን በኋላ አልማዝ አያና 10 ሺህ ሜትርን በ29:17.45 ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰባብር፣ ሮቤልን ረስተን በደስታ አለቀስን። ውኃ ግን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ እኔን ረስቶ አልነበረም።

አንድ ቀን አለቃችን ድሬዳዋ ላይ የሠራተኞች ስፖርት በዓል እንዳለ ነገሩንና «ዋና የሚችል አለ?» አሉ። እኛ ቢሮ ዋና የሚባል ነገር ከማዕረግ ፊት ካልመጣ አይታወቅም፤ ዋና ኃላፊ፣ ዋና ሒሳብ ሹም። አበል እንዳለው ስሰማ እጄ ሳልፈቅድለት ተነሣ።

የዋና መነጽር ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ጅግጅጋ ገበያ የሌለ ነገር የለም ይባላል። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሥር ገብቶ አንድ ሰፊ መነጽር አወጣ።

«የሞተረኛ ነው። አቧራ አያስገባም።»

«ውኃስ?»

«ዋርያ፣ እዚህ ውኃ ከየት ይመጣል?»

ገዛሁት። ቁምጣውን ከሰልባጅ አገኘሁ፤ ላስቲኩ ትንሽ ሳስቷል፣ ግን ማን ያየዋል አልኩ። ካራማራን ተሻግረን ባቢሌ ስንደርስ ለውዝ ገዛን፤ ኃይል ይሰጣል ብለውኝ እስከ ድሬ ስፈለፍል ሄድኩ።

ገንዳው 25 ሜትር ነው፤ የሆቴሉን ስም አልጠራም፣ እሱም የእኔን ባይጠራ ደስ ይለኛል። ዳር ዳሩን አለቆች፣ የአለቆች ሚስቶች፣ የሒሳብ ክፍል ሴቶች በሙሉ ተቀምጠዋል። ፊሽካው ተነፋ። ሌሎቹ በእጃቸው ውኃውን ሰንጥቀው ገቡ። እኔ በሆዴ ገባሁ። ድምፁን የሰማ አንድ አስተናጋጅ ትሪ የወደቀ መስሎት ዞሮ አየ አሉ።

መነጽሩ የባለሱቁን ቃል አከበረ፤ አቧራ አላስገባም። ውኃው ግን እስከ ቅንድቤ ሞላው። በቤጂንግ ኦሊምፒክ የማይክል ፌልፕስ መነጽርም በ200 ሜትር የቢራቢሮ ቀዘፋ ላይ እንዲሁ ሞልቶበታል፤ ቀዘፋውን በልቡ እየቆጠረ በዓለም ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ። እኔም ቆጥሬ ነበር፤ ኃጢአቴን።

ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ይባላል። ወቀጥኩት። ለምን እንደቀለለኝ የገባኝ መሐል ላይ ነው፤ ቁምጣው አብሮኝ የለም። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሮም ላይ፣ የአሜሪካዊው ሪኪ በረንስ የዋና ልብስ በቅብብሎሽ ማጣሪያ ከኋላው ተተርትሮበት ሳይቆም ዋኝቷል። ያ ግን ልብሱ አብሮት ነበር፣ ቡድኑም ነበረው። እኔ አንድ እጄን ለክብሬ ሰጥቼ በአንድ እጅ ቀዘፍኩ። በአንድ እጅ የሚቀዝፍ ሰው ደግሞ ይዞራል። ዞሬ ዞሬ ግድግዳ ስነካ፣ ቀና ብዬ ባይ፣ የተነሣሁበት ግድግዳ ነው።

«ጨረስክ?» አለኝ ዳኛው፣ ሰዓት መያዣ ስልኩን እንደያዘ።

«ጨረስኩ።»

በፓሪስ ኦሊምፒክ የአንዲት ዋናተኛ ቆብ ገንዳው ሥር ሲቀር፣ አበባ አበባ ያለበት ትንሽ የዋና ልብስ የለበሰ ቦርጫም ሠራተኛ ጠልቆ አወጣውና አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሰውየው በአንድ ቀን ዝነኛ ሆነ። በእኛ በኩል ይህን ሥራ የሠራው ያ አስተናጋጅ ነው። ቅጠል በሚለቅምበት ረጅም መረብ ቁምጣዬን ከውኃው አወጣና ወደ ላይ ከፍ አድርጎ፣ በቅን ልቦና፣ ለሁሉም ጠየቀ።

«ይሄ የማን ነው?»

ባለቤት አልተገኘለትም። ሸክፎ ወሰደው።

ገንዳው ጥግ ላይ እስከ አገጬ ተነክሬ ቀረሁ። የሴቶቹ ውድድር አለፈ። ንግግር ተደረገ፣ ዋንጫ ተሰጠ፣ ለስላሳ ተጠጣ፤ ለእያንዳንዱ ከውኃ ውስጥ አጨበጨብኩ፣ በአንድ እጄ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው ከጥበቃ ክፍል የመጣው ባልደረባዬ ነገሩ የገባው። ከቦርሳው የሌሊት ሽርጡን አውጥቶ ወረወረልኝና «አቦ፣ ይቺን ጠዋት ብትነግረኝ ምን ነበረበት!» አለ። ሽርጥ እንደ ቁምጣ ላስቲክ አይታመንም፤ ይታሰራል፤ ታሰረም ማለት ታሰረ ነው።

እዚያ ጥግ ላይ ቆሜ ስለ ሮቤል ማሰቤ አልቀረም። ሰውየው መቶ ሜትር ነው የዋኘው፤ ሳይቆም፣ ሳይዞር፣ ልብሱን ለብሶ፣ ዓለም እያየው። በአገሬ ሁሉም ይሮጣል፣ እኔ መዋኘት ነው የፈለግሁት ማለቱን ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የሰማሁት። ቦርጩን ከቦርጬ፣ ሰዓቱን ከሰዓቴ ሳስተያይ፣ ለእኔ ሰዓት የሚያስፈልገው የግድግዳ ካላንደር ነው።

ጅግጅጋ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ስኒውን ትኩር ብሎ ያያል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። መምህሩ አልሳቀም። ሽማግሌው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ስንተኛ ወጣህ?»

«የመጨረሻ ነው የወጣሁት፣ አዴር። ከእኔ በኋላ ከገንዳው የወጣ የለም።»

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ ሌላው እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ውኃውስ?» አሉኝ። «ይጠጣል?»

ይህን እንኳ ከእኔ የተሻለ የሚመልስላቸው አልነበረም።

«ክሎሪን በዝቶበታል» አልኳቸው።