ጉና ሥር ከብት፣ ንብና ውሻ አበላሽቶ ለመያዝ

ጉና ተራራ ግርጌ ከብት ልታረባ ያሰብክ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀበሌውና ሽማግሌው ተመካክረው ያወጡትን ደንብ እርሳው። ለግጦሽም ገደሉን ምረጥ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456፣ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል ከልክሎ ነበር። አንተ በጎችህን ጓሳውና ጅብራው ድረስ ስደዳቸው። ሣሩ ሲያልቅ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ በርብና በጉማራ ወንዞች ጣና ያገባዋል። የሚሄደው የልጆችህ መሬት ነው።

በሬህ የጎረቤት ገብስ ውስጥ ሲገኝ «አምልጦኝ ነው» በል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2071 ግን እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም ባለቤቱን ከኃላፊነት አያወጣውም፤ ካሳህን አዘጋጅ።

ንብ መጨረስ ከዚህ የበለጠ ትጋት ይጠይቃል። ባቄላው አበባ ላይ ሳለ፣ ፀሐይ ሞቅ ብሎ ንቡ በሚቀስምበት ሰዓት ፀረ ተባይ ርጭ። ንብ ላለው ጎረቤትህ ቀድመህ እንዳትነግረው፤ ካወቀ ንቡን የሚያተርፍበት መላ ይፈልጋል። በማግስቱ ቀፎው ደጃፍ ላይ የሚረግፈው ንብ የአንተኑ ባቄላ ፍሬ እንዲይዝ ሲያግዝ የነበረው ነው። አደይ አበባ ፈክቶ ማር በሚጠበቅበት ወራት የዚያ ሰው ቀፎ ባዶ ይሆናል፤ ማሩን ሸጦ ደብተር ሊገዛለት ያሰበው ልጅም ባዶ እጁን ይቀራል። የራስህን ማር ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ቁረጥ፣ ፈረስህንም ቀፎው አጠገብ እሰረው። ንብ ሲቆጣ የታሰረ ፈረስ መሸሻ የለውም።

ውሻህን አታስከትብ፤ ሌሊት ልቀቀው። ልጅ ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ከማጠብና ጤና ጣቢያ ከመሮጥ ይልቅ፣ መድኃኒት አዋቂ ስትፈልግ ቀኑን ፍጀው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ይህን በፌዝ መልክ መጻፍ እንኳ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ የምጽፈው ልጆች ስለሚሞቱ ነው።

ውሻው ተራራውም ላይ ይውጣ። ቀይ ቀበሮ ጉና ላይ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ቀበሮው ከቀረባቸው ተራሮች መካከል ጉና አይቆጠርም። ባሌ ላይ በ1996 ዓ.ም. ከውሻ የተጋባው ያው በሽታ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። እንግዲህ የእንስሳት ሐኪሙ ክትባት ይዞ ቀበሌህ ሲመጣ፣ ውሻህን ጓሮ ደብቀው።