አርባ ክረምት ማማ ላይ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኔው ጉድ ግን በነሐሴ ነው የመጣው። ባሕር ዳር የሚማረው የልጅ ልጄ ለእረፍት መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነብኝ። ክብ ጎጆ፣ የሣር ክዳን፤ ደጃፉ ላይ አንድ ፈረንጅ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ የዝንጀሮ መንጋ።

«ምስኪን!» አልሁ። «ቆርቆሮ የሚገዛለት ዘመድ የለውም?»

«ኧረ አያ፣ ሎጅ ነው! ስሜን ተራሮች፣ ቡይት ራስ፣ 3260 ሜትር ላይ። ከፍሎ ነው የሚያድርበት።»

የአንድ ሌሊቱን ሂሳብ በብር መንዝሮ ሲነግረኝ ወይፈን የሚገዛ መሰለኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ! እኔ ከፍኖተ ሰላም ወረድ ብሎ ባለው ማሳዬ አርባ ክረምት ሙሉ ማማ ላይ በቆሎ ስጠብቅ አንድ ሰው ሳንቲም ሰጥቶኝ ያውቃል? አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ከላዩ ርብራብ፣ በርብራቡ ላይ እርጥብ ገለባ፤ ወንጭፌ በጉያዬ። ሌሊት ከርከሮና ጃርት፣ ቀን ዝንጀሮ። ዋናው አውራ ቋጥኝ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል፤ አየዋለሁ። ምሳ ልበላ ስወርድ እሱ ይጮኻል፣ መንጋው ይገባል። አንዱን እሸት ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሌላውን ሲቀነጥስ የፊተኛው ይወድቅበታል። ለመብላትስ ይብላ፣ ማባከኑ ነው የሚያንገበግበኝ!

«የስሜኑ ጭላዳ ነው፣ ሣር ነው የሚግጥ» አለኝ።

እንዲህ ያለ ጨዋ ዝንጀሮማ እኔም ከፍዬ አየው ነበር።

ጎጆውስ? እኛ ጎረምሳ ሳለን የሣር ቤት ያለው ሰው ልጃገረድ ይከለከል ነበር። ቡሬ ገበያ በርበሬ ሸጬ 50 ቅጠል ቆርቆሮ የገዛሁ ዕለት የዚህ ልጅ እናት እልል ብላለች። አሁን ይኸው ልጅ «ቱሪስት ቆርቆሮ አይወድም» ይለኛል። ደግሞ የዚያ ጎጆ ወለል በፀሐይ ኃይል ከሥር ይሞቃል አሉ። የኛስ ላሞቹ ከጎን ስላደሩ አይሞቅም?

አንድ ነገር ግን አላሳቀኝም። ያ ሎጅ ያለበት የስሜን ተራሮች ፓርክ በፈረንጅ 1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ ኋላ በፈረንጅ 2016 ግጭ የሚባለው መንደር ሰው ከፓርኩ ወጥቶ ደባርቅ ሠፈረ፣ ግጦሹ ለዋልያው እንዲተርፍ። ዋልያውስ ይትረፍ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። ግን ባለጎጆው ሲወጣ የጎጆ ተከራይ መቅረቱ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

በማግስቱ ልጁን ማማዬ ሥር አቆምሁት። «በል አንሣኝ። ጻፍበትም፦ እሸት ጥብስ በነፃ፣ የጅብ ጩኸት በነፃ፣ ማደሪያው ግማሽ ወይፈን።» ጋቢዬን አስተካክዬ፣ እንደዚያ ፈረንጅ ሩቅ ሩቁን አየሁ። ልጁ ስልኩን ይዞ መንፈርፈር ጀመረ። ምን ያስቅሃል ብዬ ፎቶውን ባየው፣ እኔ ተራራ ተራራውን ስመለከት ከጀርባዬ አውራው ሦስት እሸት ታቅፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል።