የፈተናን ዓመት የማበላሸት ዘዴ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከሆንክ ይህን ዓመት ለማበላሸት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃሃል። «ካላለፍኩ አለቀልኝ» ብለህ ተነስ፤ «ካላለፍኩ አለቀልኝ» ብለህ ተኛ። ይህን መንገድ የምጽፈው ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ሲሄዱበት እያየሁ ስላዘንኩ ነው።

ፍርሃቱ እንዳይላላ ቁጥር ጨምርበት። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። እነዚህን ሁለቱን ሸምድዳቸው። ብዙ ሺህ ወጣቶች ሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ገብተው እንደገና ዕድላቸውን መሞከራቸውን ግን ለራስህ አትንገር። በተከታዮቹ ዓመታት የአላፊዎቹ ድርሻ ከፍ ማለቱንም እንዲሁ።

አሁን የእትዬ እገሊትን ልጅ አምጣ። እሷ ስንት መጽሐፍ እንደጨረሰች፣ ስንት ሰዓት እንደምታጠና ጠይቅ። የምታለቅስበትን ሌሊት አታውቅም፤ ስለዚህ የእሷን አደባባይ ከአንተ ጓዳ ጋር አወዳድር። ከዚያ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ስትሳሳት «ይህን ተሳሳትኩ» አትበል፤ «እኔ ደደብ ነኝ» በል። የመጀመሪያው ሊታረም ይችላል። ሁለተኛው ግን በአንድ ጥያቄ ሰውን በሙሉ ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ደብተር መክፈት ራሱ ቅጣት ይሆናል።

አጠናኑም የራሱ ዘዴ አለው። ያንኑ ገጽ አሥር ጊዜ አንብብ፤ ደብተሩን ከድነህ ራስህን አትጠይቅ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሁለቱን አወዳድረው ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በብዙ ቀደሙ። የሚያሳዝነው፣ ደጋግመው ያነበቡት አብልጠው እንደሚያስታውሱ እርግጠኞች ነበሩ። እንቅልፍህንም ቸክለህ ጨርሰው። ቀን የተጠናው በአእምሮ ውስጥ የሚደላደለው ሌሊት ስለሆነ፣ ያላንቀላፋ ተማሪ የዘራውን ሳያጭድ ያድራል።

ከሁሉ የሚከፋውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ጉዳቱን ስለማውቅ ነው፦ ጭንቀትህን ለማንም አትንገር። እናት «እንዴት ነህ?» ስትል «ደህና» በል። ወረቀት ላይም አታስፍረው። ራሚሬዝና ቤይሎክ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስለ ፍርሃታቸው የጻፉ ተማሪዎች ካልጻፉት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ፍርሃት ሲጻፍ ከጭንቅላት ይወርዳል፤ ለጥያቄው የሚሆን ቦታም ይለቀቃል። ዓመቱ እንዲበላሽ ከፈለግህ ግን እዚያው ውስጥህ ይክረም።

ይህን ሁሉ ልጁ ብቻውን አልተማረውም። «ዘንድሮ ካላለፍክ ፊትህን አላይም» ያልነው እኛ ወላጆችና ዘመዶች ነን። በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር፣ በሰርግ ላይ ከሰላምታ በፊት ውጤት የጠየቅነውም እኛ ነን። በፍቅር ነው ያደረግነው፤ ልጁ የሚሰማው ግን ፍቅሩን ሳይሆን ማስፈራሪያውን ነው።

እባካችሁ፣ ውጤት በሚወጣበት ማታ ልጃችሁን ብቻውን አትተዉት። ቁጥሩን ከመጠየቃችሁ በፊት አብራችሁት እራት ብሉ።