ፊቱ ሠርግ፣ ጀርባው ሐዘን

ጎብዬ አስፋልት ዳር የሚውል ሽማግሌ ከመኪና ሌላ የሚያየው የለውም። ከወልዲያ የመጣው ወደ ሮቢትና ቆቦ ያልፋል፣ ከአላማጣ የመጣው ወደ ወልዲያ ይሄዳል፤ እኛ እናያለን፣ እናማለን። ድሮ የምናማው ሾፌሩን ነበር። ዘንድሮ መኪናው ራሱ ለሐሜት ተመቸ። ሲመጣ ዓይን የሚያጠፋ ነጭ መብራት ግንባሩ ላይ ተክሎ ይመጣል፤ ሲያልፍ ኋላው ድፍን ጥቁር ነው። ፊቱ ሠርግ፣ ጀርባው ሐዘን። ማን ሞቶበት ነው?

ነገሩ ቤቴ ድረስ መጣ። የእህቴን ልጅ ባጃጁን ግቢ አስገብቶ በካቻቢቴ የኋላ መብራቶቹን ሲፈታ አገኘሁት።

«ተበላሸ እንዴ?» አልኩት።

«ኧረ ደኅና ነው አያ። ላሳምረው ብዬ ነው።»

ደኅናውን ፈትቶ ማሳመር የዘንድሮ ልጆች ጠባይ ነው። ደኅናውን ሱሪ ጉልበቱ ላይ ይቀዱታል፣ ደኅናውን መብራት ያጨልሙታል። የተበላሸውን አስተካክል ሲባል ግን ጊዜ የለውም፤ የግቢያችን በር ማጠፊያው ከወለቀ ስንት ክረምት አለፈው።

ቁጭ ብዬ ሥራውን አየሁ። መቼም ሰነፍ አይባልም። ቀዩን ፕላስቲክ በኦሞ አጠበው፤ ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት ውኃ ውስጥ እየነከረ ማብረቅረቁ እስኪጠፋ ፈተገው። «ቀለሙ እንዲይዝ ነው» ይለኛል። ከዚያ ጥቁር እስፕሬዩን ይንጠው ጀመር፤ ጣሳው ውስጥ ያለችው ኳስ ቀጭ ቀጭ ትላለች። አንድ እጅ ነፋበትና ቆርቆሮ ላይ አሰጣው። የራያ ቆላ ፀሐይ ለማድረቅ አትታማም። ሁለተኛ እጅ ደገመው። ስልኩ ጠርቶ ወጣ ሲል የእናቱ ዶሮ መጣች። ቆማ አየችው፣ ወጣችበት፣ እርጥቡን ቀለም በሦስት ጣቷ ልጣ ወረደች። እሽ አላልኳትም። ከግቢው ሁሉ ነገሩ የገባት እሷ ብቻ መሰለችኝ።

ተመልሶ ሲያይ ተናደደ፤ እስፕሬዩም አልቋል። እንዲሁ ገጠመው።

«ልጄ፣ ይሄ መብራት እኮ ያንተ አይደለም» አልኩት።

«በገንዘቤ የገዛሁት?»

በገንዘቡ ገዝቶታል። ግን መሪ ይዞ ሲነዳ የኋላ መብራቱን አይቶት ያውቃል? የፊቱ ለሱ ነው፣ መንገዱን ያይበታል። የኋላው ከኋላ ለሚመጣው የማያውቀው ሰው የተሰቀለ ነው። የሰው ዓይን ላይ ቀለም መንፋት ማሳመር ተባለ!

እኔ መኪና ያወቅሁት በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በኤንትሬ ፊያት ረዳትነት ነው። ታኮ ይዤ የምዘለው እኔ፣ አምፖል የምቀይረው እኔ። በተለመደው የኋላ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አለ። አንደኛው 5 ዋት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ «እዚህ አለሁ» ይላል። ሁለተኛው 21 ዋት ነው፤ ፍሬን ሲያዝ «ቆምኩ» ይላል። ከኋላ ያለው ሾፌር እግሩን ፍሬን ላይ የሚያሳርፈው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አይቶ ነው። ጥቁሩን ቀለም ስትደርብበት 21ዱ 5 ይመስላል፣ 5ቱ ከነጭራሹ ይጠፋል። ልጁ ሲቆም የሚሄድ ይመስላል፣ ሲሄድ የለም።

መብራቱ ጥግ ላይ ደግሞ አምፖል የሌላት፣ ሸካራ ቀይ ፕላስቲክ አለች። አንፀባራቂ ናት። የመጪውን መኪና ብርሃን ተቀብላ ለራሱ ትመልስለታለች። ባትሪ ቢሞት፣ ክር ቢበጠስ፣ መኪናው ጠፍቶ ዳር ቢቆም እሷ ሥራዋን አትተውም። ከመንገዱ ሁሉ በነፃ የምታገለግል እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ቀባት።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ በሰየመበት አገር ነው። የቆቦን ሽንኩርት ጭኖ በ60 የሚበር አይሱዙ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። «ይሄ ነገር ምንድነው?» ብሎ ለማሰብ ብቻ ስንት ሜትር እንደሚበላ የእህቴ ልጅ ያስላው፤ ሒሳብ እስከ አሥር ተምሯል።

ጨለማው አልበቃንም እንዴ? ማሽላ ሲታጨድ አገዳ የጫነው መኪና ጭነቱ ወርዶ መብራቱን ይጋርደዋል። ግመል ሌሊት አስፋልት ያቋርጣል። ጋሪ መብራት ኖሮት አያውቅም። የተበላሸ መኪና ለምልክት ድንጋይና ቅጠል ይደረድርና፣ ተጠግኖ ሲነሳ ድንጋዩን ለኛ ትቶ ይሄዳል። ይሄን ሁሉ ችለን ስንኖር አሁን ደግሞ በብር የሚገዛ ጨለማ መጣ።

ሌላው ዓለም ብርሃን ይጨምራል። አሜሪካኖች ሁለቱ አልበቃ ብሏቸው በእነሱ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ በቤት መኪና ላይ ሦስተኛ የፍሬን መብራት በግድ አስገቡ፤ የኋላ መስታወቱ አካባቢ ከፍ ብላ የምትታየው እሷ ናት። እኛም ጋ በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ የበዙትን የቻይና ኤሌክትሪክ መኪናዎች ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ኋላቸው ዳር እስከ ዳር ቀይ መስመር ነው። የኛ ልጅ ያለችውን ሁለት ይቀንሳል።

«ከፋብሪካ ጠቆር ብሎ የሚመጣም አለ እኮ አያ» ይለኛል።

አለ፣ አልክድም። እሱን የሠራው መሐንዲስ ግን ጥቁረቱን አስቦ አምፖሉን አበርትቶ፣ ለክቶ፣ ፈትሾ ነው ያወጣው። ያንተ መሐንዲስ ዶሮ ናት።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በአዋጅ 681/2002 ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ መመርመር አለበት፤ ቦሎ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ልጆቹ ግን ይህንንም አስበውበታል። የቦሎ ሰሞን ሲደርስ ያልተቀባ መብራት ያለው ጓደኛ ተወዳጅ ይሆናል። መብራቱ ከባጃጅ ባጃጅ እየተፈታ ይዞራል፤ በዓመት አንዴ ሁሉም ቀይ፣ በሳምንቱ ሁሉም ጥቁር።

«ቀለሙን አስለቅቀው» ብለው በቲነር ሊሞክር ነበር። እጁን ያዝኩት፤ ቲነር ያንን ፕላስቲክ ይበላዋል፣ ይሰነጣጥቀዋል፣ ከዚያ ቢለቅም አያበራም። መጀመሪያ እንደፈተገው በውኃና በብርጭቆ ወረቀት መልሶ መፈተግ ነው ያለበት። ለማጨለም ግማሽ ቀን የነበረው ልጅ ለማብራት ጊዜ አጣ። እንደገጠመው ሥራ ወጣ።

ሰሞኑን ሲመሽ አንድ አይሱዙ ፍሬኑን አስጩሆ ከፊቴ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ላቡን እየጠረገ ወደኔ መጣ።

«አባቴ፣ እዚህ ሰፈር ደኅና ነው?»

«ምን አየህ?»

«የዶሮ እግር። ቀይ። መሬት አልነካም፣ አየር ላይ ቦግ አለብኝ። እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ እሱን ፈርቼ ነው ፍሬን የያዝኩት። ስጠጋ ለካ ባጃጅ ቆሟል!»

የእህቴ ልጅ ከባጃጁ አንገቱን አውጥቶ ሲሰማ ቆይቶ ፊቱ በራ። «አዩ አያ?» አለኝ። «አይታይም ሲሉኝ አልነበር?»