የቀፎው ሽያጭ

ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ዕድሜ የጠገበች አንዲት ዋርካ ነበረች። በቅርንጫፏ ላይ ከቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የተመረገ ቀፎ ተሰቅሏል። ቀፎውን ሠርተው የሰቀሉት አባ ጉሬዛ ናቸው። ሲሰቅሉት ባዶ ነበር፤ ውስጡን በወይራ ጭስ አጥነው ጠበቁ። በመስከረም አንድ የንብ መንጋ መጥቶ ገባበት።

አባ ጉሬዛ የንብ ጠባይ ያውቁ ነበር። ጉንዳን እንዳይወጣ በዋርካዋ ግንድ ዙሪያ አመድ ይነሰንሳሉ። ማር የሚቆርጡት በኅዳር፣ አደይ አበባ ከረገፈ በኋላ ነው፤ ያኔም የዳር የዳሩን ወስደው የመሐሉን ለክረምት ስንቅ ይተዋሉ። ጎረቤት ሲመጣ ያቀምሳሉ፤ የታመመ ሲኖር ይልካሉ። ንቦቹም እጃቸውን ስለለመዱት አይነድፏቸውም ነበር።

ሥራው ግን የንቦቹ ነበር። ወጣቶቹ ሰሙን ከገዛ አካላቸው እያወጡ ባለ ስድስት ጎን ጓዳ ይሠራሉ። አንዳንዶቹ እጭ ይመግባሉ፣ አንዳንዶቹ በር ይጠብቃሉ፣ ሌሎቹ ወጥተው ይቀስማሉ። አንዲት ቀሳሚ ዕድሜዋን ሙሉ ደክማ የምታስገኘው ማር የሻይ ማንኪያ ሩብ እንኳ አይሞላም። ቢሆንም ያመጣችውን ከሌሎቹ ለይታ አታስቀምጥም። አበባ ያገኘች ንብ ተመልሳ በጨለማው ውስጥ፣ በማሩ እንጀራ ላይ እየጨፈረች፣ አበባው በየት በኩል እንዳለና ምን ያህል እንደሚርቅ ለእኅቶቿ ትነግራለች። ለዚህ የሚከፍላት የለም። ነገ ደግሞ እሷ በተራዋ የሌላዋን ጭፈራ ተከትላ ትሄዳለች። ቀፎውን ያከበረው ይህ ነበር፤ ያወቀች አትደብቅም፣ የሰማች አትጠራጠርም።

ዓመታት አለፉና አባ ጉሬዛ አረጁ። ዛፍ መውጣት አቃታቸው፤ ዕዳም ተጫናቸው። የማሩን ዝና የሰማው አያ ጅቦ ሁለት ጎተራ እህል ይዞ መጣ። እመት ጦጢት ውሉን ጻፈች፦ «አንድ ቀፎ ከነማሩ፣ ከነሰሙ፣ ከነንቡ ተሸጧል።» አባ ጉሬዛ «ንቦቹን አደራ» ብለው ፈረሙ። አያ ጅቦም «ምንም የሚለወጥ ነገር የለም» ብሎ ማለላቸው። ወደ ቀፎው ወጥቶ ንቦቹን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ለጥቂት ሳምንታት በእርግጥም ምንም አልተለወጠም። ቀጥሎ አያ ጅቦ ቀፎውን በቀይ አፈር ለቀለቀው። ከዚያ «ብዙ እንዲገባ» ብሎ በሩን አሰፋው። በሩ ሲሰፋ ከሌላ ቀፎ የሚመጡ ዘራፊዎች በዙ፤ አያ ጅቦም በር ጠባቂዎቹን ንቦች አንስቶ በቦታቸው ተርቦችን አቆመ። ተርብ የቤቱን ልጅ ከዘራፊ አይለይም፤ ጭነት ይዛ የምትገባውን ሁሉ እያስቆመ ይቀማት ጀመር። በበጋው ደግሞ «የግራዋ ማር ይመራል፣ ገበያ የለውም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግራዋ እንዳይቀሰም» የሚል ትእዛዝ ወጣ። በበጋ ከግራዋ ሌላ የረባ አበባ እንደሌለ ያዘዘው አላወቀም።

በግንቦት አያ ጅቦ ችቦ ይዞ መጣ። በአባ ጉሬዛ ዘመን ማር በግንቦት ተቆርጦ አያውቅም። የዳሩን ወሰደ፣ የመሐሉንም ወሰደ፣ እጭ ያለበትን እንጀራ ሳይቀር ገምሶ ጣለው። ክረምቱ በራብ አለፈ፤ ከቀፎው በታች ያለው ሣር በሞቱ ንቦች ተሸፈነ።

ጳጉሜን ላይ ንቦቹ ሽማግሌ መርጠው ላኩ። የሽማግሌዎቹ መሪ እማማ ቀሳሚት ነበሩ፤ ክንፋቸው በአበባ ሥራ ዳር ዳሩ ያለቀ አሮጊት ናቸው።

«አያ ጅቦ፣» አሉት፣ «ማር አትብላ አላልንም። የክረምት ስንቃችንን ተውልን፣ በራችንን ራሳችን እንጠብቅ፣ አበባውንም እኛ እንምረጥ። የለመድነውን ነው የጠየቅንህ።»

«ቀፎው የኔ ነው፤» አለ አያ ጅቦ። «ማሩ የኔ ነው፣ ሰሙ የኔ ነው። እናንተም በውሉ ውስጥ ተጽፋችኋል። ደግሞስ የት ትደርሳላችሁ? ቀፎ የሌለው ንብ ከዝንብ በምን ይሻላል?»

«ቀፎውን ገዝተሃል፣ አልካድንህም፤» አሉ እማማ ቀሳሚት። «ነገር ግን ማለዳ ተነሥተን የምንወጣው ውል አስገድዶን አይደለም። አበባ ያገኘችው ለእኅቷ የምትነግረው ደመወዝ ስላላት አይደለም። አባ ጉሬዛ ይህን ሊሸጡልህ አይችሉም፤ የእሳቸው አልነበረም።»

አያ ጅቦ የተባለውን ለመስማት ጆሮ አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ ባዷቸውን ተመለሱ።

ያን ሌሊት ቀፎው ውስጥ ማንም አልተኛም። «እንሂድ፤» አለች አንዲት ወጣት ሰም ሠሪ። «ዋርካዋ ላይ ያለው ቤታችን መሆኑ ቀርቷል።»

«እንዴት ትተነው እንሄዳለን?» ብላ አለቀሰች ሌላዋ። «ይህ ሰም ከእናቶቻችን አካል የወጣ ነው። ማር በሆዳችን ይዘን እንሄድ ይሆናል፤ ሰሙን ግን ማን ይሸከመዋል? እዚህ ትተነው ከሄድን የእነሱ ድካም ሁሉ የጅብ ሆኖ ይቀራል።»

ይህን የሰማ ሁሉ ዝም አለ፤ እውነት ነበርና። መሄድ ዋጋ ያስከፍላል። የሚሄድ ሁሉ የሠራውን ትቶ ነው የሚሄደው፤ የገዛውም የሚተማመነው በዚሁ ነው።

«አባ ጉሬዛ ናቸው የከዱን፤» አለች ሦስተኛዋ በቁጣ።

«አይደለም ልጄ፤» አሉ እማማ ቀሳሚት። «እሳቸው ደክመው ነበር፤ ከነንቡ ብለው መፈረማቸው ግን ስሕተት ነው። የእኛም ጥፋት አለበት። ያን ሁሉ ዓመት ስንሠራ፣ ቤቱ የማን ነው፣ እሳቸው ያረጁ ዕለትስ ለማን ይተላለፋል ብለን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅንም። እሳቸው ደግ ስለነበሩ ደግነታቸውን እንደ ሕግ ቆጠርነው። ደግነት ግን ከባለቤቱ ጋር ያረጃል።»

ሲነጋ አሳሾች ወጡ። ንብ ቤት የምትመርጠው በአውራዋ ትእዛዝ አይደለም። ቦታ ያየች ሁሉ ተመልሳ ትጨፍራለች፤ የቤት ነገር ስለሆነ ሌሎቹ የተባለውን ይዘው ከመቀበል ይልቅ ሄደው በዓይናቸው ያያሉ፤ የወደዱት ለዚያ ቦታ አብረው ይጨፍራሉ፣ ያልወደዱት ይተዋሉ። አንዷ የዛፍ ሥር ጉድጓድ አመጣች፣ አንዷ የፈረሰ ጎጆ ጣሪያ፣ አንዷ ከገደሉ አጋማሽ ላይ ያለ የዓለት ስንጥቅ። ክርክሩ ቀናት ፈጀ። በመጨረሻ ጭፈራው ሁሉ ወደ ዓለቱ ዞረ።

አደይ አበባ በፈነዳበት ሰሞን፣ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ መንጋው ከቀፎው ወጣ። ሁሉም ግን አልወጡም። አንዳንዶቹ እጮቹን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም፤ አንዳንዶቹ ደክመው ነበር። የወጡት የቀሩትን አልሰደቡም፤ የቀሩትም የወጡትን አልረገሙም።

አያ ጅቦ ለጥቂት ጊዜ ደስ አለው፤ ጠያቂ ቀርቶለታል። ይሁን እንጂ የቀሩት ጥቂቶች ሰሙን ሊጠብቁት አልቻሉም። ብል የሚርቀው ንብ ሲበዛ ነው። ብል ገባ፤ የእናቶችን ሥራ ሁሉ ድር አልብሶ ፈጨው። በኅዳር አያ ጅቦ ችቦውን ይዞ ቢወጣ ያገኘው ዱቄት ሆኖ ነበር። የቀርከሃው ቀፎ፣ ቀዩ ቅብና ውሉ ግን ምንም አልጎደለባቸውም።

በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ንቦቹ የመጀመሪያውን ሰም ከማጣበቃቸው በፊት ስብሰባ ተቀመጡ። ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ይህን ቤት አንድ ብቻውን ሊሸጠው አይችልም፤ የክረምት ስንቅ በማንም አይነካም፤ በር ጠባቂ የሚሾመው ከቤቱ ልጆች በቤቱ ልጆች ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ ጀመሩ። ያ ዓመት ማሩ ጥቂት ነበር። ቢሆንም የሁሉም ነበር።

ይህን መንገድ በዘመናችን የሄዱበት ሰዎች አሉ። ኦፕንኦፊስ የተባለውን የጽሕፈትና የሒሳብ ሶፍትዌር ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ከሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ ጋር ያሳድጉት ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኦራክል የተባለ ሌላ ኩባንያ ሰንን ጠቅልሎ ገዛው። በዚያው ዓመት መስከረም ከፈቃደኞቹ ብዙዎቹ ወጡ፤ ስሙን ይዘው መውጣት ስላልቻሉ ሥራቸውን ሊብሬኦፊስ አሉት። በማግስቱ ዓመት ለማቋቋሚያ የሚያስፈልገውን 50,000 ዩሮ ከተጠቃሚዎች በስምንት ቀን ሰበሰቡ፤ በ2012 ደግሞ በበርሊን በሕግ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆኑ፤ ድርጅቱ ባለአክሲዮን የለውም፣ አመራሩን አባላቱ ይመርጣሉ። ኦራክል በ2011 የቀረውን ኦፕንኦፊስ ለአፓቺ ፋውንዴሽን ሰጥቶ ከነገሩ ወጣ። ሊብሬኦፊስ ግን ዛሬ በአማርኛ ገጽታም የሚሠራ ሆኗል።

እድርም ይሁን ማኅበር፣ የሰፈር ቤተ መጻሕፍትም ይሁን የሙያ ስብስብ፣ ብዙዎች በነጻ ያቆሙት ቤት አንድ ቀን ገዥ ይመጣበታል። ገዥው ሲመጣ ከማልቀስ፣ ደጉ ባለአደራ በሕይወት ሳለ፣ ፍቅሩም ሳይቀዘቅዝ፣ ውሉን አብሮ ተቀምጦ መጻፍ ይበልጣል። ያልተጠየቁ ንቦች የመሄድ መብት አላቸው፤ ከመሄድ የሚሻለው ግን ሳይጠየቁ የማይሸጡበትን ቤት ከመጀመሪያው መሥራት ነው።