ፍራሽ ሥር የተገኘ መተት

ሀበሻ ገንዘብ መደበቅ ይችልበታል። መቀነቱ ጫፍ ላይ ይቋጥራል፣ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ይቀብራል፣ ባንክ በየመንገዱ ባለበት አገር እንኳ ፍራሽ ሥር ይከታል። ከዘር አይጣልምና እኔም ትንሿን ቢትኮይኔን ይዤ እዚህ ቨርጂኒያ ፍራሽ ገለጥኩ።

ፍራሽ ሥር የሚገባው እርግጥ ሳንቲሙ አይደለም። ቢትኮይን ያለው ዓለም ሁሉ በሚያየው መዝገብ ላይ ነው፤ የኛ ቁልፉ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በተለመደው አሠራር ደግሞ ቁልፉ ከ2048 ቃላት መካከል በዕጣ ወጥተው በሚሰደሩ 12 ወይም 24 ቃላት ይጻፋል። ስልክህ ቢሰበር ቃላቱን በተራቸው አዲስ ስልክ ላይ ታስገባና ንብረትህ ይመለሳል። ሁለቱንም ካጣህ ግን አቤት የሚባልበት ቢሮ የለም። የዌልሱ ጄምስ ሃውልስ በዚያው በ2013 ወደ 8000 የሚጠጋ ቢትኮይን ቁልፍ የያዘ ሃርድ ዲስክ ከቆሻሻ ጋር ተጣለበት። ቆሻሻ መጣያውን ልቆፍር ብሎ የኒውፖርትን ከተማ ምክር ቤት ሲሟገት ኖሮ፣ በ2025 መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገበት።

ይህን ሰው እያሰብኩ 12ቱን ቃላት በወረቀት ጻፍኩ። ፎቶ የለ፣ ኢሜይል የለ፤ ለባለቤቴም ትንፍሽ አላልኩ።

ባለቤቴ ስትወልድ አክስቷ ሊያርሷት ከአዲስ አበባ መጡ። እትዬ ሲያጸዱ ጥግ አያስተርፉም። አንሶላ ሊቀይሩ ፍራሹን ቢያነሱ፣ በአራሷ ራስጌ በኩል አራት ቦታ የታጠፈ የፈረንጅ ጽሑፍ! የጎረቤታችንን ልጅ ጠርተው «እስቲ አንብብልኝ፣ የኔ ጌታ» አሉት። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛው እንደነገሩ ነው።

«ስኔክ... እባብ። ቤቢ... ሕፃን። ጎስት... የሞተ ሰው መንፈስ።»

እባብና ሕፃንና መንፈስ በአንድ ወረቀት፣ ያውም ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ከተኛበት ሥር! እትዬ በስመ አብ ብለው ጠበል ረጩበት፤ ከዚያ ዕጣን ማጨሻው ላይ ጨመሩት። ከሥራ ስገባ የጭስ ደወሉ ይጮኻል፣ ሕፃኑ ይጮኻል፣ እትዬ «ተመስገን በል፣ ከቤትህ ክፉ ነገር ወጣ» ይሉኛል።

መቃጠሉስ ግድ የለም፤ ቁልፉን የያዘው መተግበሪያ፣ ዋሌቱ፣ ስልኬ ላይ ስላለ ቃላቱን ከዚያው እገለብጣለሁ። ያደነዘዘኝ ልጁ የነገረኝ ነው። «በጣም ፈኒ ነበር» ብሎ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ለጓደኞቹ ግሩፕ ልኮታል። የይለፍ ቃል ቢሆን ይቀየራል፤ እነዚህ ግን ቁልፉ ራሱ ከነሱ የሚሰላ ስለሆነ አይቀየሩም። ያየ ሁሉ ባለንብረት ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ሌላ ዋሌት ከፈትኩ፣ አዲስ ቃላት ጻፍኩ፣ ያለኝን ሁሉ ወደዚያ ላክሁ። ዝውውሩ መዝገቡ ላይ የሚሰፍርበት አንድ ብሎክ እስኪወጣ በአማካይ 10 ደቂቃ ይፈጃል። እትዬ በመሐሉ የአራስ ገንፎ አቀረቡልኝ፤ ዓይኔን ከስልኩ ሳልነቅል ጣቴን ቅቤው ውስጥ ነከርኩ። ደግነቱ ገንዘቡ ሳይነካ ተሻገረ።

ለሌባ ብለን የደበቅነው ለወዳጅም ድብቅ ነው፤ ወዳጅ ደግሞ ምንነቱን የማያውቀውን ነገር ይጥላል፣ ያቃጥላል፣ ላገኘው ያሳያል። እኔ ድንገት ብሞትስ ባለቤቴ ከየት ታመጣዋለች? ስለዚህ ምን እንደሆነና የት እንዳለ ነገርኳት። አዲሶቹን ቃላት ደግሞ ውሃም እሳትም እንዳይበግራቸው የማይዝግ ብረት ላይ በመዶሻና በፊደል መምቻ ቀጠቀጥኳቸው። ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሥራ አይደለም፤ የሠራው ያነበዋል። ከየቃሉ የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ይበቃሉ፤ በዝርዝሩ ውስጥ በነሱ የሚመሳሰሉ ሁለት ቃላት የሉም።

ለእትዬም ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «እና ሁሉም ስንት ያወጣል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ለዚህች ነው ጎረቤት በር እስኪያንኳኳ ስትቀጠቅጥ ያመሸኸው?»