ሃይላንድ በቆላ

ወዳጄ ከጎንደር ፊልተር ጠላ በሃይላንድ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ወደ ቆላው ሸሕዲ ወረደ። ወሩ ሚያዝያ ነው። ጠላ ቤት ይዞት ሲገባ ሃይላንዱ ሆዱ ተወጥሯል። ጠላ ጠማቂዋ እማማ ቀና ብለው አዩት።

«ስንተኛ ወሯ ነው?»

«ጠላ ነው፣ እማማ!»

«እሱማ ነው። አዋላጅ ይጠራ ወይ ነው የምልህ።»

ወዳጄ ተቆጣ። «ገና እየበሰለ ነው። 20 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሳምንት ማቆየት ብቻ ነው።»

«ሸሕዲ ላይ 20 ዲግሪ ካገኘህ ለእኛም አንድ ኪሎ መዝንልን።»

«ማታ ይበርዳል።»

«ማታማ ፀሐይዋ ትተኛለች፤ ሙቀቱ መች ይተኛል?»

እኔ ደግሞ ዕቃውን ታዘብኩት። ሃይላንድ ድሮ የታሸገ ውሃ ስም ነበር፤ አሁን ላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ሆኗል። በፈረንጅ አፍ ደጋ ማለት ነው። ደጋ የሚባል ዕቃ ቆላ ወርዶ ባይታመም ነበር የሚገርመው።

ወዳጄ ግን ሁለት ሳምንቱን ከሜዳ አላመጣውም፤ በሕይወት ያለ እርሾ ጠርሙስ ውስጥ ሥራውን እስኪጨርስ ጊዜ ይፈልጋል። አብዛኛው የፋብሪካ ቢራ እርሾው ተጣርቶ፣ በሙቀት ተሰናብቶ ነው የሚታሸገው። የቤት ጠላ እርሾ ግን በሕይወቱ ጠርሙስ ይገባል፤ የተረፈውን ስኳር እየበላ ጋዝ ይተፋል። 20 ዲግሪ ላይ እንደ እንግዳ እየተግደረደረ ይበላል። ቆላ ሲወርድ ጾም እንደፈታ ሰው ነው። ሙቀቱ 40ን ሲያልፍ ደግሞ ራሱም ይዝልና ገበታውን ለሚያኮመጥጡት ተሕዋስያን ይለቃል። ጋዝ በበኩሉ የሞቀ መጠጥ ውስጥ መቀመጥ አይወድም፤ በር ሲከፈትለት ተጋፍቶ ነው የሚወጣው።

«ብርጭቆ ጠርሙስ ይሻል ነበር?» አለ ወዳጄ።

«ሃይላንድስ ተነፍቶ ይናገራል። ብርጭቆ ሳይናገር ነው የሚፈነዳው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ስትሞላ አንገቱ ላይ ክፍት ቦታ ተውለት። መንገድ ላይ ደግሞ ክዳኑን ላላ እያደረግህ እንደ ሕፃን አስገሳው።»

«ፍሪጅ ውስጥ ባስገባውስ?»

«መብራት ካለ እርሾው ይተኛልሃል። መብራት ሲሄድ ግን ፍሪጅ ቁም ሳጥን ነው።»

የእማማ ፍሪጅ ጓዳቸው ነው። ጋኑ እስከ ወገቡ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፤ ከወገቡ በላይ እርጥብ ጆንያ ለብሷል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ከመተማ ዮሐንስ ማዶ ሱዳኖች ዚር የሚሉት የሸክላ ማሰሮም ውሃ የሚያቀዘቅዘው እንዲሁ እያላበው ነው። ብልሃቱ በበጋው ደረቅ አየር ይሰምራል። ክረምት ሲገባ አየሩ ራሱ ስለሚያልበው የጋኑን ላብ የሚቀበል የለም። ያን ጊዜ እማማ ጥቂት ጥቂት ይጠምቃሉ፤ ለነገ አያሳድሩም። መሪሳ የሚሉትን የማሽላ መጠጥ የሚጠምቁት ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ማሳደሩን አይወዱም።

«በቃ፣ ልክፈተው» አለ ወዳጄ።

እማማ «ቀስ በል...» ብለው ሳይጨርሱ ክዳኑ ተፈናጠረ። አረፋው ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ደረሰ፣ ከጣሪያ ወዳጄ ራስ ላይ ተመለሰ። ሃይላንዱ ውስጥ አንድ ጣሳ የማትሞላ ድፍርስ ቀረች።

«ሁለት ሊትር ነበር እኮ!»

እማማ ወደ ላይ አዩ። «ቆርቆሮው ጠጣው። ይሁን፣ እሱም ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነው የዋለ።»